ሰባት ዓመት ሳይሞላው ልጅን ቤት ማስተማር

አዲስ አበባ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ አንድ ፍርሃት አለው። «ልጄ ወደ ኋላ ይቀርብኝ ይሆን?» የጎረቤት ልጅ ኤቢሲዲን እስከ መጨረሻው ይወርደዋል። የአክስቱ ልጅ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የእናንተው ልጅ ደግሞ ጉንዳን ተከትሎ ግቢውን ሲዞር ያረፍዳል። ያኔ ሆድ ይባባል፣ ደብተር ይገዛል፣ አስጠኚ ይፈለጋል።

እስቲ አንድ ነገር እናስታውስ። በሀገራችን ሥርዓት አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። በትምህርት ስሟ የሚነሳው ፊንላንድም መደበኛ ትምህርት የምታስጀምረው በ7 ዓመት ነው። አሁን የሚሠራበት የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ከፍሎታል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ብቻ ብንቆጥር ልጁን 12 ዓመት ይጠብቀዋል። 6ኛ፣ 8ኛ እና 12ኛ ላይ ደግሞ ትልልቅ ፈተና አለ። ልጁ እዚያ ሲደርስ መማር የሚወድ ሆኖ መድረሱ፣ በአራት ዓመቱ ስንት ገጽ ገልብጧል ከሚለው እጅግ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከ7 ዓመት በፊት የወላጅ ዋና ሥራ ልጁ መጠየቁን እንዳያቆም ማድረግ ነው። ፊደሉም ቁጥሩም በዚያ በኩል ይመጣል። እንዴት እንደሚመጣ ነው ከዚህ በታች የማብራራው።

እኛ ልጃችንን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ቤት ነው የምናስተምራት። የምንኖረው ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ሲለበሱን ከየት አገኛችሁት?» ብሎ ነው። ሲለበስ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ሌላ ነው።

ሳሎኑን ክፍል አታድርጉት

ቤት ማስተማር የሚጀምሩ ወላጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ሰሌዳ መስቀል ነው። ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳ ይወጣል፦ ሁለት ሰዓት ተኩል አማርኛ፣ ሦስት ሰዓት ሩብ ሒሳብ፣ አራት ሰዓት እንግሊዝኛ። በሳምንቱ ልጁ ያለቅሳል፣ እናት ትጮሃለች፣ ሰሌዳው ይወርዳል። ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም» ይባላል።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ አዋቂ በመረጠለት ነገር ላይ ተቀምጦ የሚቆየው አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ራሱ በመረጠው ነገር ላይ ግን አንድ ሰዓትም ይቆያል፣ ጉንዳኑን አስታውሱ። ስለዚህ እኛ ቤት «ትምህርት» ተብሎ የሚቀመጡለት ጊዜ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ። ሰው ይደነግጣል። ግን አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ መምህሯ ለአንድ ልጅ ብቻ የምትሰጠው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አስቡት። ደብተር መሰብሰብ አለ፣ ዝም በሉ ማለት አለ፣ ሽንት ቤት መውሰድ አለ። ቤት ውስጥ ያቺ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሙሉ የልጁ ናት።

የቀረው ሰዓት ሩጫ፣ ጨዋታ፣ ቤት ውስጥ ሥራ ማገዝና መተኛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ስክሪን ፊት መቀመጥ ከ1 ሰዓት አይበልጥም፣ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ ብዙ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ልጁን ይዞ መውረድ ይጠይቃል። ቢሆንም ውረዱ።

ስለ መጻፍ አንድ ነገር ልበል፣ በጣም የሚያሳስበኝ ስለሆነ። የአራት ዓመት ልጅ «ሀ»ን አንድ ገጽ ሙሉ እንዲገለብጥ ይታዘዛል። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ ላይ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ገና ሙሉ በሙሉ አጥንት አልሆኑም፣ የጣት ጡንቻውም አልጠነከረም። ልጁ እርሳሱን በጡጫ ጨብጦ ሲታገል የምናየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ እጁ አልደረሰለትም። እጁን የሚያደርሱለት ነገሮች ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ሞልተዋል። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የዳቦ ሊጥ ማሸት፣ ልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት፣ በመቀስ ጋዜጣ መቁረጥ። ልጃችን ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በአንድ ቡና ስኒ፣ የተሰበረውን ምስር በሌላ ስኒ ታጠራቅማለች፣ ማንም አላዘዛትም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጥ ማለት እርሳስ መያዝ ማለት ነው። ጽሕፈቱ ከዚያ በኋላ መጣ፣ ያለ ለቅሶ።

ፊደል፦ 231 ያስፈራል፣ ግን አያስፈራም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ወላጅ ሁሉ የሚጨነቀው በዚህ ስለሆነ።

ገበታው ላይ 33 ረድፍ አለ፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ፊደል፣ በድምሩ 231። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚማሩት በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ደስ ይላል፣ ልጁም ቶሎ ይይዘዋል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ሀ ሁ በል» ይባላል፣ እሱም ይለዋል፣ ይጨበጨብለታል። ከዚያ «ሶ»ን ብቻዋን አውጥታችሁ ብታሳዩት አያውቃትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየዘመረ ካልደረሰባት አትመጣለትም። ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነው ያወቀው።

የድሮዎቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ተማሪው ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይገባል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ተበውዟል። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ሲጠይቁ በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ለእኔ ይህ በጣም ብልህ ዘዴ ነው፣ ቤት ውስጥም ያለ ምንም ወጪ ይሠራል። ከካርቶን ፊደል ቆርጣችሁ በውዙ። አንዷን አንሡና «ይቺ ማናት?» በሉ።

የሚቀጥለው ነገር ልጁ ገበታው ሥርዓት እንዳለው እንዲያይ መርዳት ነው። ሉ፣ ቡ፣ ሙ፣ ሱ። አራቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡና «ምን ይመሳሰላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትንገሩ። ልጃችን ትንሽ ዝም ብላ አየቻቸውና «ሁሉም በዚህ በኩል እጅ አላቸው» አለች፣ ቀኝ ጎናቸውን እየነካች። ልክ ናት። ካዕብ ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ ጭረት አለው። ሣልስ፣ እነ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ቲ፣ ጭረቷን ወደ እግር ያወርዳታል። ኀምስ፣ እነ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ቴ፣ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ራብዕ ሁለት እግር ካለው ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ እንደ ላ፣ ባ፣ ሳ። ሳድስና ሳብዕ ግን አመለኞች ናቸው፣ እንደየፊደሉ ይለያያሉ። እነ ሩ እና ፉም ከመስመር ይወጣሉ። እነሱን አንድ በአንድ መልመድ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ልጁ ግን ይህን ሥርዓት አንዴ ከያዘ አዲስ ረድፍ ሲመጣ ግማሹን ራሱ ይገምታል። ገምቶ ሲያገኘው ደግሞ ፊቱን እዩት።

ሐ እና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ መጀመሪያ ላይ ይቆዩ። ድምፃቸውን ሌላ ፊደል ይዞታል። እነዚህን አምስት ረድፎች ብቻ ብታቆዩ 231 ወደ 196 ይወርዳል። ይህን የምለው ፊደል ለመቀነስ አይደለም። ቆይቶ ይማራቸዋል፣ መማርም አለበት። በአምስት ዓመቱ ግን «ለምን ሁለት ሰ አለ?» የሚለው ጥያቄ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል።

የት ይጀመር? ከራሱ ስም። ስሙ የማይገርመው ልጅ የለም። ከዚያ አጫጭር ቃላት፦ ዳቦ፣ ቡና፣ ካፌ፣ ሱሪ። እነዚህ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፣ ድምፁን ገጣጥሞ ሲያነብ ወዲያው የሚያውቀው ነገር ይወጣለታል። ከእንግሊዝኛ በፊት ቤት ውስጥ በሚነገር ቋንቋ ማንበብ ይጀመር የምለውም ለዚህ ነው፣ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ። ዳ፣ ቦ ብሎ የገጣጠመ ልጅ ዳቦን ያውቃታል፣ በልቷታል። የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ቢያነብም ግን ከድምፁ ውጪ የሚያገኘው ነገር የለም። ማንበብ ትርጉም እንዳለው የገባው ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ሲጀምር ይቀለዋል።

መንገዱ ደግሞ በነፃ የተሰጠ መጽሐፍ ነው። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግር ስትሄዱ ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ቤት አለ። አንድ ጠዋት ልጃችን እጄን ይዛ ድንገት ቆመችና «ዳ… ቦ… ዳቦ! ዳቦ ቤት ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የምታውቀው ቤት ነው፣ በየቀኑ ዳቦ የምንገዛበት። የዚያን ቀን ግን ሽታው ሳይሆን ጽሑፉ ነገራት። ታክሲ ውስጥ ስንገባም ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ሲል ታፔላው ላይ ፒ፣ ያ፣ ሳን ፈልጊ እላታለሁ። እንዲህ ያለው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ግን በየቀኑ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ይነበብላት። አንድ መጽሐፍ ደጋግማ ብትጠይቅ አትሰልቹ፣ ልጅ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። መጽሐፍ መግዛት ለሚከብደው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ታኅሣሥ 2014 ነው የተከፈተው፣ ለሕፃናትም ክፍል አለው። መጽሐፍ በሌለበት ደግሞ ተረትና እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ?» እየተባባሉ ልጁ ራሱ እንዲፈጥር መተው ነው። ልጃችን ገበታ ላይ ቁጭ ብላ የፈጠረችው አሁን ድረስ ያስደስተኛል፦ «ብዙ ዓይን አለው፣ ግን አያይም።» እንጀራ።

ቁጥር፦ መቁጠርና ማወቅ ለየቅል ናቸው

ይህን ዛሬ ማታ ሞክሩት። ስድስት ቆርኪ ደርድሩ። ከሥሩ ሌላ ስድስት ቆርኪ፣ ትክክል ለትክክል። ልጁን «እኩል ናቸው?» በሉት። «አዎ» ይላል። ከዚያ ዓይኑ እያየ የታችኛውን ረድፍ አራርቁት። «አሁንስ የትኛው ይበዛል?» ብዙ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች «የረዘመው» ይላሉ። ቁጠረው ብትሉት ስድስትና ስድስት ብሎ ይቆጥራል፣ ተመልሶም የረዘመው ይበዛል ይላል።

ይህን ለዓለም ያሳወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ነው። ልጁ ሰነፍ ወይም ደደብ አይደለም። ብዛት በቦታ እንደማይለወጥ አእምሮው ገና አልያዘውም፣ አብዛኛው ልጅ ይህን የሚይዘው ወደ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ ይህን ልጅ እስከ መቶ ስላስቆጠርነው ምን አገኘን? መቶውን በዜማ ይዞታል፣ እንደ ሀ ሁ። አምስት ምን ያህል እንደሆነ ግን ገና እየደረሰበት ነው። ስለዚህ በትንሽ ቁጥር ብዙ መቆየት ይሻላል። እስከ አሥር፣ በእጅ በሚያዝ ነገር፣ በየአቅጣጫው እየደረደሩ።

ቡና ሲፈላ ስኒ ትደርድር። ሰባት ሰው አለ፣ ስንት ስኒ አመጣሽ፣ ስንት ይቀራል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛን ያስተምራል። ከሱቅ ስንመለስ መልሱን እሷ ትቀበላለች። ብይ፣ ቅልብልቦሽ፣ ገበጣ፣ ሰኞ ማክሰኞ ሁሉም ቁጥር ናቸው። ገበጣ ላይ ፍሬ አንድ በአንድ እየዘራ የሚሄድ ልጅ፣ «አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፍሬ» የሚለውን በእጁ ነው የሚማረው። ሰባ ደረጃ አጠገብ ለምትኖሩ ደግሞ ልጁን ይዛችሁ ውጡና እየቆጠራችሁ ውረዱ። ስሙ ሰባ ይላል፣ እውነት ሰባ መሆን አለመሆኑን እሱ ይፈትሽ። በመሃል ቁጥሩ ሲጠፋበት ከላይ መጀመር እንዳለበት ራሱ ይወስናል፣ እናንተ ብቻ እግራችሁን አዘጋጁ።

«አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ»

ይህን ያላለ ዘመድ የለም። በፍቅር ነው የሚባለው። ግን መማር መውደድን የእንደዚህ ዓይነት ቃል ያህል የሚጎዳ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ሌፐር፣ ግሪን እና ኒዝቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መዋያ በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። አንደኛውን ቡድን «ብትስሉ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ሳለ፣ ከዚያ ሳያስበው ተሸለመ። ሦስተኛው አልተሸለመም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩን እንደ ወትሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ልጆቹ በነፃ ሲጫወቱ ተመለከቱ። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ድሮ ለራሱ ሲል የሚስለው ልጅ አሁን ሽልማት ከሌለ ለምን ልሳል አለ።

ልብ በሉ፣ ሳያስበው የተሸለመው ልጅ አልተጎዳም። የሚጎዳው ቀድሞ የሚገባው ቃል ነው፣ በተለይ ልጁ ቀድሞውኑ በሚወደው ነገር ላይ። ስለዚህ ኬክ መግዛት ከፈለጋችሁ ግዙ፣ ግን «ይህን ካነበብሽ» አትበሉ። ለሥራዋም ሆነ ለስህተቷ ጥያቄ ጠይቋት። «እንዴት አደረግሽው?»፣ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?»። እ.ኤ.አ. በ1998 ሙለር እና ድዌክ በአምስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑት ልጆች ከዚያ በኋላ ቀላሉን ጥያቄ መምረጥ ጀመሩ፣ ብልህነታቸው እንዳይጠፋባቸው። «ጥረሃል» የተባሉት ግን ከባዱን ደፈሩ።

አያቶችን ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከልጃችን ጋር የምትውለው እሷ ናት፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ተጨነቀች። «ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ደብተር የላትም እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። «እማዬ፣ ምስር ያስለቀምሻት ጊዜ ስንት ቆጠረች?» አልኳት። ትንሽ አስባ «አሥራ ሁለት ጠጠር አለችኝ። ልክ ነበረች» አለች። ከዚያ በኋላ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። ተረቱም ከእሷ ነው፣ የወራቱን ስም ከነበዓላቱ ያስያዘቻትም እሷ ናት፣ ጳጉሜን ሳትረሳ።

ጥያቄው ሲመጣ

ልጅ ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል። ሁሉንም መመለስ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ግን «ዝም በል» እና «እስቲ አብረን እንይ» የተለያየ ልጅ ያሳድጋሉ። መሃል ከተማ መኖር እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው። ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። የሳይንስ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሁሉም ቅርብ ናቸው።

ምክሬ አንድ ነው፦ አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አሳዩ። ሙዚየሙን በሙሉ ማዞር ልጅን ያደክማል። እኛ ብሔራዊ ሙዚየም የገባነው ለድንቅነሽ ብቻ ነበር። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፣ አፋር ሐዳር ውስጥ ኅዳር 1967 ነው የተገኘችው። ለልጅ ሚሊዮን ምንም አይደለም። ቁመቷ ግን ነገር ነው፦ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ማለት ነው። ልጃችን ቆሞ ከሚታየው ምስል ጎን ቆማ እጇን ከራሷ ላይ አንሥታ ለካች። «ትልቅ ሰው ናት?» አለች። «አዎ፣ ትልቅ ሰው ነበረች።» «ታዲያ ለምን እኔን አከለች?» እኔ የማውቀውን ያህል ነገርኳት፣ የቀረውን አንብበን እንደምናገኘው ተስማማን።

ከዚያ ሰላምን አየን። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች ሕፃን ናት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት። ልጄ ብዙ ዝም አለችና «እናቷ የት ሄደች?» ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት። ወላጅ «አላውቅም» ሲል ልጅ የሚሰማው ሰው ሁሉን አውቆ እንዳልጨረሰ፣ ለእሱም የሚፈለግ ነገር እንደቀረለት ነው። ያንን ሳምንት የሳለችው ሥዕል ሁሉ አጥንት ነበር። ማንም እንድትስል አላዘዛትም።

ስልኩን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ብዙ የከተማችን ልጆች አሁን እንግሊዝኛውን ከዩቲዩብ ይዘው አማርኛው እየጠፋባቸው ነው። ቪዲዮ ቃል ያስይዛል፣ ግን ልጁን መልሶ አይጠይቀውም፣ ሲሳሳት አይጠብቀውም። ቋንቋ የሚያድገው በንግግር ምልልስ ነው። ምግብ ስትሠሩ፣ ስታጥቡ፣ ታክሲ ስትጠብቁ አውሯቸው።

ለማን አይሆንም፣ ወረቀቱስ?

ቤት ማስተማር ለሁሉም ይሆናል አልልም። ሁለቱም ወላጅ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ፣ ቤት የሚቀር ትዕግሥት ያለው ዘመድም ከሌለ፣ ልጅን ከቴሌቪዥን ጋር ከመተው ጥሩ ኬጂ በብዙ ይሻላል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ቅድመ አንደኛ አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪዎች ምገባም አለ። ልጁ ለስሙ የማይዞር፣ በዕድሜው የማይናገር ከመሰላችሁ ደግሞ ፊደሉ ይቆይና መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ኬጂ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ከላይ ያለውን ሁሉ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ጓደኛ የግድ ነው። ቤት የሚማር ልጅ ከአዋቂ ጋር ብቻ ውሎ ማደር የለበትም። እኛ ግቢ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በራችን ክፍት ነው። ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍ፣ ተጣልቶ መታረቅ፣ ይህን እኛ ልናስተምራት አንችልም። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ይማሩታል።

ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ገና ሳትጀምሩ የወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ቅድመ አንደኛና ስለ አንደኛ ክፍል ምዝገባ አሁን የሚሠራበትን ደንብ ጠይቁ። የሰው ወሬ አትከተሉ። የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ይኑራችሁ። ልታስገቡት ያሰባችሁት ትምህርት ቤት ካለ ከአንድ ዓመት በፊት ሄዳችሁ የኬጂ ሰርተፍኬት ይፈልግ እንደሆነ፣ መግቢያ ፈተና ካለውም በምን ቋንቋ እንደሚፈትን ጠይቁ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይጠይቃሉ፣ ነሐሴ ላይ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

የእኛዋ በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። ታነባለች፣ ትደምራለች፣ ያ አያሳስበኝም። ክረምቱን የምንለማመደው ሌላ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት፣ የጫማ ክር ራሷ ማሰር፣ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ሰው ሳትጠራ መክፈት፣ ሽንቷ ሲመጣ መምህሯን ሳታፍር ማስፈቀድ፣ ሌላ ልጅ እየተናገረ እያለ እጅ አውጥቶ መጠበቅ። የመጨረሻው ላይ ገና ነን።